አባቴ ቆሽቱ ጎን ውሃ ቋጥሯል፤ ሐኪሞቹ «እንጠብቅ» ይላሉ። በዚህ ያለፈ ሰው አለ?

የበኩር_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እንቅልፍ አጥቼ ነው የምጽፈው። አባቴ 61 ዓመቱ ነው። የዛሬ 16 ቀን ሌሊት ከእምብርቱ በላይ ያመው ጀመር። ሕመሙ ወደ ጀርባው ዘለቀ። ተቀምጦ ወደ ፊት ካልተደፋ በቀር ፋታ አልሰጠውም። ሆስፒታል ስንወስደው የሐሞት ጠጠር የቆሽቱን መውጫ ዘግቶ ቆሽቱ ተቆጥቷል ተባለ። «ቆሽቴ አረረ» ሲባል እየሰማሁ ያደግኩት የንዴት አነጋገር ብቻ መስሎኝ ነው። እውነተኛው እንዲህ ሰው እንደሚያንገበግብ አላውቅም ነበር።

ሻል ብሎት ከሆስፒታል ወጣ። ትናንት ግን ሁለተኛ ሲቲ ስካን ሲነሳ በጨጓራውና በቆሽቱ መካከል 11 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈሳሽ ተገኘ። ሦስት ማንኪያ ሾርባ ቀምሶ «ጠገብኩ» ይላል። ትኩሳት የለውም። እኔ ዛሬውኑ በመርፌ የሚቀዱለት መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ግን «አሁን አንነካውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እናየዋለን። ካስፈለገ በአፍ በሚገባ ካሜራ፣ በኢንዶስኮፒ እናፈሰዋለን» ብሎ ሸኘን።

ይህን የሚያህል ነገር ሆዱ ውስጥ ይዞ እንዴት ይጠበቃል? ቸል ተብለን ይሆን?

የሆድ_ሐኪም፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ከጻፍሽው እንደምረዳው ቸል አልተባላችሁም። ሥራዬ ይህ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

ቆሽት ሲቆጣ ፈሳሽ ያመነጫል። ፈሳሹ ዙሪያው ባለው ስብ ውስጥ ይሰርጋል። መጀመሪያ ላይ ዳር ድንበር የለውም፤ ከረጢትም አይደለም። ወተት ሲቀዘቅዝ ከላዩ ስስ ቆዳ ይይዛል አይደል? ሰውነትም እንደዚያ ቀስ እያለ በፈሳሹ ዙሪያ ግድግዳ ያበጃል። ይህ በአብዛኛው 4 ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ግድግዳው ሳይጠና በጨጓራ በኩል ከቀደድነው ፈሳሹ ወደ ሆድ ዕቃ ሊያመልጥ ይችላል። ደምም ይበዛል። ጠንክሮ ከጨጓራው ጋር ሲጣበቅ ግን ሁለቱን ስቴንት በሚባል አጭር መተላለፊያ ማገናኘት ይቻላል።

የቆሽት ቁጣን የሚከፋፍለው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተሻሻለው የአትላንታ አመዳደብ የሚባለውም መስመሩን የሚያሰምረው እዚያው 4 ሳምንት ላይ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ውስጡ ንጹሕ ፈሳሽ ነው ወይስ የሞተ ሥጋ ተቀላቅሎበታል የሚል ነው። ንጹሕ ፈሳሽ ሆኖ ግድግዳ ያበጀውን ሐሰተኛ ከረጢት እንለዋለን። የሞተ ሥጋ ያለበት ሌላ ስም አለው፤ ሕክምናውም ከበድ ይላል። የአባትሽ የትኛው እንደሆነ ጠይቂ። ከ11 ሴንቲ ሜትሩ ይልቅ ይህ መልስ ይበልጥብሻል።

ስለ መጠኑም ልንገርሽ። ድሮ «ከ6 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ 6 ሳምንት ካለፈው ይፍሰስ» ይባል ነበር። አሁን በመጠን ብቻ አንወስንም። ትልቅ ሆኖ የማያስቸግር ይኖራል። ብዙው ደግሞ ራሱ ይመጣል፣ ራሱ ይሄዳል። የምናፈሰው ሕመም ሲያመጣ፣ ጨጓራን ተጭኖ ምግብ ሲከለክል፣ የሐሞት መስመር ዘግቶ ዓይን ቢጫ ሲያደርግ ወይም መግል ሲቋጥር ነው።

አባትሽ ቶሎ መጥገባቸው ምልክት ነው፤ ሐኪሙ ይወቀው። ሳይበሉ ግን አይክረሙ። በአፍ አልሄድ ካለ በአፍንጫ ወደ ትንሹ አንጀት የሚወርድ ቀጭን የምግብ ቱቦ አለ። በረሃብ የደከመ ሰው ግድግዳም አያበጅ፣ ቁስሉም አይድን።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ግራ መጋባት፣ ደም ማስታወክ ወይም ጥቁር ሰገራ ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ይዘሽ ሂጂ።

ሁለት_ስቴንት፦

እኔ አልፌበታለሁ፤ እስከ 6ኛው ሳምንት ጠብቄ። ያ ጊዜ ከሁሉም የከበደኝ ነው። ሱሪዬን ወገቡ ላይ መቆለፍ አልችልም ነበር፤ ፊቴና ክንዴ ግን ሰልሏል። ቤተሰብ ሁሉ «ለምን አያወጡልህም?» ይለኛል። መልስ አልነበረኝም።

የተሠራልኝ ቀን ሰመመን ሰጡኝ፤ ምንም አላስታውስም። ስነቃ ጉሮሮዬ ይከረክረኛል፣ ሆዴ ግን ባዶ ነው። በማግስቱ አንድ ሳህን ሾርባ ጨረስኩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር። ባለቤቴ ሳህኑን ይዛ አለቀሰች።

የምጽፈው ግን ከዚያ በኋላ ለሆነው ነው። ከሆስፒታል ስወጣ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ «ስቴንት ገብቷል» ይላል። መቼ እንደሚወጣ አይልም። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ደህና ነበርኩ። በ11ኛው ሳምንት ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ፤ መጸዳጃ ቤት ወደቅኩ። ከረጢቱ ከተሟጠጠ ቆይቷል፤ የብረት ስቴንቱ ግን እዚያው ተቀምጦ የኋላውን ግድግዳ ሲፍቅ ደም ሥር ነክቷል። ደም ሥሩን ከውስጥ ዘግተው አተረፉኝ። አራት ከረጢት ደም ተሰጠኝ።

ስለዚህ እህቴ፣ ስቴንት ከገባ መውጫ ቀኑን ሳትይዢ ከዚያ ሕንፃ እንዳትወጪ። እባክሽ።

የበኩር_ልጅ፦

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍክ። ሳነበው እናቴም አጠገቤ ነበረች፤ ቀኑን የምትይዘው እሷ ናት።

አንድ ነገር አልገባኝም። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ነው። በአፍ የገባ ካሜራ ከጨጓራው ጀርባ ያለውን እንዴት ያያል? ያማል? የአጎቴ ልጅ ደግሞ «በቀዶ ሕክምና አንዴ ተከፍቶ ቢጠረግ ይገላግላል» ይላል።

ሲስተር_ኢንዶ፦

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። በዚያ ክፍል ውስጥ ዓመታት ቆሜያለሁ።

መሣሪያው ተራ ኢንዶስኮፕ አይደለም። ጫፉ ላይ ትንሽ የአልትራሳውንድ መመርመሪያ አለበት። ጨጓራ ውስጥ ገብቶ ግድግዳው ላይ ሲጠጋ ጀርባው ያለው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ፈሳሹ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የሞተ ሥጋ ካለ በጥቁሩ መሐል ግራጫ ቁርጥራጭ ይንሳፈፋል። ሐኪሙ ቀለም የሚያሳየውን ሲያበራ ደም ሥሮቹ ቀይና ሰማያዊ ሆነው ይበራሉ። መርፌው የሚገባው ምንም ቀለም በሌለበት ነው። በጨጓራውና በከረጢቱ መካከል ያለው ርቀትም ይለካል፤ ከ10 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ከዚያ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። የቆየው በመርፌ ይወጋል፣ በመርፌው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ያልፋል። ሽቦው ከረጢቱ ውስጥ ሲጠቀለል ይታያል። ቀዳዳው በትንሽ ፊኛ ይሰፋና ሁለት ጫፋቸው እንደ አሳማ ጅራት የተጠቀለለ የፕላስቲክ ስቴንቶች ይገባሉ። ጥቅልሉ እንዳይንሸራተቱ ይይዛቸዋል። አዲሱ ከብረት መረብ የተሠራ አጭር ስቴንት ነው። ወገቡ ጠበብ፣ ሁለት ጫፉ ሰፋ ያለ፣ ክሩ ያለቀ የክር መጠቅለያ ይመስላል። አንዱ ጫፍ ከረጢቱ ውስጥ ይከፈታል፣ ሌላው ጨጓራ ውስጥ። ሁለቱን ግድግዳ አጣብቆ ይይዛል። ስፋቱ 10፣ 15 ወይም 20 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ጫፉ በኤሌክትሪክ ስለሚግል መርፌም ፊኛም ሳያስፈልገው ራሱ ቀዶ ይገባል። እጁ የለመደ ሐኪም በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ስቴንቱ ሲከፈት ፈሳሹ ወደ ጨጓራ ይገነፍላል። አንዳንዴ የደፈረሰ ሻይ ይመስላል፣ አንዳንዴ ቡናማና ወፍራም ነው። መግል ከሆነ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል። ሊትር ያለፈ አይቻለሁ። ታማሚው በሰመመን ተኝቶ የመተንፈሻ ቱቦ የሚደረግለት ለዚህ ነው፤ ያ ሁሉ ፈሳሽ ወደ ሳንባ እንዳይሄድ። የሚነፋውም ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆን አለበት። ተራ አየር ወደ ደም ሥር ከገባ ሊገድል ይችላል።

ሕመሙን አይሰሙትም። ከነቁ በኋላ ጉሮሯቸው ሊከረክር፣ ሆዳቸው ላይ ቁርጠት ሊሰማቸው ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ራስሽ አታቋርጪው፤ መቼ እንደሚቆም እነሱ ይወስኑ። ቀጠሮ ከሚያፈርሱብን ነገሮች አንዱ ይህ ሳይነገር መቅረቱ ነው።

ናፍቆት21፦

እኔ ግን ከአጎትሽ ልጅ ጋር ነኝ። የጎረቤታችን ሆድ ተከፍቶ ነው የተጠረገው፤ ዛሬ ደህና ነው። ኢንዶስኮፒው ደጋግሞ መግባት ነው። አንዴ ተሠርቶ ማለቁ አይሻልም?

የሆድ_ሐኪም፦

ናፍቆት፣ ጎረቤትህ በመዳናቸው ደስ ብሎኛል። ሰርጅኖቹ ለረጅም ጊዜ ብቸኛው መንገድ ነበሩ፤ ብዙ ሰው አትርፈዋል። ግን ጉዳዩ ተመዝኗል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ከኔዘርላንድ የወጣ ጥናት ነበር፤ ፓንተር ይባላል። የሞተ ሥጋው የተበከለባቸውን ወይም ተበክሏል ተብሎ የተጠረጠረባቸውን 88 ሰዎች ለሁለት ከፈለ። ለአንዱ ወገን ሆድ ተከፍቶ ተጠረገ። ለሌላው መጀመሪያ ቱቦ ብቻ ገባ፤ ካልበቃ ብቻ በትንሽ ቀዳዳ ተጠረገ። ሞት ወይም ከባድ ጉዳት የደረሰው በመጀመሪያው 69 በመቶ፣ በሁለተኛው 40 በመቶ ላይ ነው። ከሁለተኛው ወገን 35 በመቶው ከቱቦ ሌላ ምንም አላስፈለጋቸውም። ደረጃ በደረጃ የምንለው ሐሳብ ከዚያ ጀምሮ ሥር ሰደደ።

ኢንዶስኮፒውን በትንሽ ቀዳዳ ከሚሠራው ቀዶ ሕክምና ጋር ያወዳደረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ቴንሽን ነው፤ 98 ሰዎች ነበሩበት። እዚህ ላይ ሐቁን መናገር አለብኝ፤ በሞትና በከባድ ጉዳት ልዩነት አልተገኘም፤ በኢንዶስኮፒው 43፣ በቀዶ ሕክምናው 45 በመቶ። የቆሽት ፈሳሽ በቆዳ በኩል መንጠባጠብ ግን በኢንዶስኮፒው 5 በመቶ፣ በሌላው 32 በመቶ ሆነ። ለወራት ሆዱ ላይ ከረጢት ለጥፎ የሚኖር ሰው ካየህ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ይገባሃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአሜሪካው ማይዘር ጥናት ደግሞ በ66 ሰዎች ላይ ከባድ ችግሩን በኢንዶስኮፒው 12፣ በቀዶ ሕክምናው 40.6 በመቶ አግኝቶ ኢንዶስኮፒውን አስበልጧል።

ይህ ማለት ሁሉ ነገር በአፍ ይሠራል ማለት አይደለም። ክምችቱ ከጨጓራ ርቆ በጎን ወደ ዳሌ ከወረደ ካሜራው አይደርስበትም። ያን ጊዜ በቆዳ በኩል ቱቦ ይገባል፤ አንዳንዴ ሁለቱም በአንድነት። ደጋግሞ መግባት ያልከውም ልክ ነው። የሞተው ሥጋ እንደ ውሃ ቱር ብሎ አይወጣም። በስቴንቱ ቀዳዳ ካሜራው ራሱ ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ በመንጠቆና በወጥመድ እየጎተተ ያወጣዋል። አንዱ ሰው አንዴም አያስፈልገው፣ ሌላው አምስት ጊዜ። እጅግ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከጤነኛው ያልተላቀቀውን መጎተት ደም ያፈሳል።

ፊልም_አንባቢ፦

ራዲዮሎጂ ላይ ነኝ። ሁለት ነገር ብቻ።

ሲቲ ስካን የሞተውን ሥጋ አንዳንዴ ከፈሳሹ አይለየውም። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ይመስላል። ኤምአርአይ ወይም አልትራሳውንዱ ይሻላል። «ፈሳሽ ብቻ ነው» ተብሎ የፕላስቲክ ስቴንት ገብቶ ወዲያው የሚደፈነው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ከመሠራቱ በፊት ደግሞ ደም ሥሮቹን በሚያሳይ መድኃኒት የተነሳ ሲቲ ይታይ። የቆሽት ፈሳሽ አጠገቡ ያለውን ደም ሥር ግድግዳ ሊበላውና እንደ ፊኛ ሊያሳብጠው ይችላል፤ በተለይ ወደ ጣፊያ የሚሄደውን። ያ ካለ ቀድሞ ካልተዘጋ ማፍሰሱ አደገኛ ነው።

ሁለተኛው ለሌሎች አንባቢዎች ነው። ቆሽቱ ታምሞ የማያውቅ ሰው ቆሽቱ ላይ ከረጢት ከተገኘበት «ውሃ ነው፣ ይፍሰስ» መባል የለበትም። አንዳንዱ ወደ ካንሰር የሚሄድ እጢ ነው። እሱ አይፈስም፤ ይመረመራል።

የበኩር_ልጅ፦

ከ3 ቀን በኋላ ነው የምጽፈው። ማክሰኞ ሌሊት ብርድ ልብስ ደራርበንለት ይንቀጠቀጥ ነበር። ለካሁት፤ 38.9። ዶክተር፣ እርስዎ የጻፉት ትዝ ብሎኝ ሳይነጋ ወሰድኩት። ተበክሏል አሉ። አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ ጀመሩለት። አሁንም ግን አላፈሰሱትም! 20 ቀኑ ነው። ትኩሳቱ ዛሬ ወርዷል፤ ግን ፈራሁ።

የሆድ_ሐኪም፦

እንኳን ወሰድሻቸው። ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ መግል ሲባል ሁላችንም «ይውጣ» እንላለን። እኛም እንደዚያ እናስብ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ፖይንተር የሚባል ጥናት የጠየቀው ይህንኑ ነው። የተበከለባቸውን 104 ሰዎች አንዱን ወገን በ24 ሰዓት ውስጥ አፈሰሰ። ሌላውን በአንቲባዮቲክ ይዞ ግድግዳው እስኪጠና አቆየ። ቸኩሎ ማፍሰሱ የተሻለ ውጤት አላመጣም። ከቆዩት 39 በመቶው በአንቲባዮቲክ ብቻ ዳኑ፤ ምንም ቱቦ አልገባባቸውም። በቸኮሉት ላይ የተሠራው ሥራ ቁጥርም ይበልጥ ነበር፤ በአማካይ 4.4፣ በቆዩት ላይ 2.6።

ይህ የሚሠራው አባትሽ እስከጸኑ ድረስ ነው። የደም ግፊታቸው ከወረደ፣ ሽንታቸው ከቀነሰ፣ ትንፋሻቸው ካጠረ መጠበቁ ያበቃል። ሐኪሞቹ በየቀኑ ይህን እያዩ እንደሆነ ጠይቂ። ካሉ እመኛቸው።

ሁለት_ስቴንት፦

እየጸለይኩ ነው። ጻፊልን።

የበኩር_ልጅ፦

ዘግይቻለሁ፤ ይቅርታ። ትኩሳቱ ወርዶ 9 ቀን ደህና ሰነበተ። ከዚያ ተመለሰ፤ ምግብም ጭራሽ አልገባም አለ። 33ኛው ቀን ላይ ተሠራለት። ግድግዳው ጠንክሯል አሉ። 15 ሚሊ ሜትር የብረት ስቴንት ነው የገባለት፤ በውስጡም እንዳይደፈን አንድ ፕላስቲክ።

ሲስተር፣ የጻፍሽውን አንብቤ ስለነበር በር ላይ ስቀመጥ ውስጥ የሚሆነውን በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት። ያ ብቻ ነው ያጸናኝ። ሐኪሙ ወጥቶ በስልኩ ፎቶ አሳየኝ፤ ብረቱ ተከፍቶ ቡናማ ነገር ሲጎርፍ።

ከዚያ ሁለቴ ገብተው የሞተውን ሥጋ አወጡ። ከሁለተኛው በኋላ ማታ ላይ ዓይኑን ገልጦ «ርቦኛል» አለ። አባቴ ከታመመ ጀምሮ ያላለው ቃል ነው። እናቴ ከወንበሯ ተነሳች፤ ምን እንደምትሰጠው ግራ ገብቷት ቆማ ቀረች።

የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን እንክብል አቋርጠውለታል። አሲዱ የሞተውን ሥጋ ለማሟሟት ይረዳል ብለውኛል። ልክ ነው?

ሲስተር_ኢንዶ፦

ሰላም ለአባትሽ! አዎ፣ ለሌላ ምክንያት ካላስፈለጋቸው ብዙ ሐኪሞች ያቋርጡታል። እነሱ ካሉሽ ውጪ ግን መልሰሽ እንዳትጀምሪው። የመውጫ ቀኑስ?

የበኩር_ልጅ፦

ይዘነዋል። ከገባ በ3ኛው ሳምንት ሐሙስ ሲቲ ይነሳል፤ ከረጢቱ ከተሟጠጠ በዚያው ሳምንት ብረቱ ይወጣል። እናቴ በወፍራም እስክሪብቶ ጽፋ በሩ ላይ ለጥፋዋለች። እኔም ስልኬ ላይ አድርጌዋለሁ። እህቴም።

ሁለት_ስቴንት፦

እሰይ። አሁን ቀጣዩን ጠይቂ። ብረቱ ከመውጣቱ በፊት የቆሽቱ ቱቦ መሐል ላይ ተቆርጦ እንደሆነ ይታይ። የኔ ተቆርጦ ነበር። የቆሽቴ ጭራ ክፍል ፈሳሹን የሚያደርስበት የለውም፤ ብረቱ ወጥቶ ቀዳዳው ሲዘጋ እንደገና ይቋጥራል ተባልኩ። ስለዚህ በብረቱ ፋንታ ሁለት የፕላስቲክ ስቴንት ተቀመጠልኝ። እነሱ እንደ ብረቱ አይፍቁም። ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ አልመለሰብኝም። መጠሪያዬም ከዚያ ነው።

የሆድ_ሐኪም፦

ትክክል ብለሃል፤ በኤምአርአይ ይታያል። እኔ ሦስት ነገር ልጨምር። የሐሞት ከረጢታቸው ከነጠጠሩ እዚያው ነው ያለው። ፈሳሹ ከሟሸሸ በኋላ እሱ ካልወጣ ቆሽቱ እንደገና ሊቆጣ ይችላል፤ ሰርጅን ጋር ቀጠሮ ያዙ። ደግሞ ብዙ የቆሽት ሥጋ የሞተበት ሰው ስኳር ሊይዘው ስለሚችል በየጊዜው ይለኩ። ሰገራቸው ቅባት በዝቶበት የሚንሳፈፍ፣ እየበሉ የሚከሱ ከሆነም የቆሽት ኢንዛይም በእንክብል ከምግብ ጋር ይወሰዳል።

የበኩር_ልጅ፦

ሐሙስ ደርሶ ነው የመጣሁት። 11 የነበረው 2 ሴንቲ ሜትር ሆኗል። የቆሽቱ ቱቦ አልተቆረጠም። ዛሬ ጠዋት ብረቱ ወጣ፤ ሐኪሙ በብልቃጥ አድርጎ ሊያሳየን ሲል አባቴ «አያስፈልግም፣ ምሳዬን አምጡልኝ» አለ። የሰርጅኑ ቀጠሮ ከ5 ሳምንት በኋላ ነው። እናቴ የድሮውን ወረቀት ቀዳ አዲሱን ቀን በሩ ላይ ለጥፋለች።